የዲጄ ሚክስ ላፕቶፕ ላይ ስትቀዱ ድምፁ እንዳይበላሽ

«ቤት ውስጥ በስፒከር ስሰማው አንደኛ ነው። ላፕቶፕ ላይ ቀድቼ ሳዳምጠው ግን ይሰነጠቃል። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ ከኮዬ ፈጬ ይመጣል፣ ከለገጣፎ ይመጣል፣ ከሰበታም ይመጣል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ የሚያጫውቱ፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ቤታቸው ሚክስ ሠርተው ቴሌግራም ላይ የሚለቁ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብያለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ድምፁ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሚክሰሩ (ዘፈኖቹን በሚያቀላቅለው ዕቃ) እና በላፕቶፑ መካከል ነው። ወይ ኬብሉ የማይሆን ቦታ ተሰክቷል፣ ወይ ሌቭሉ (የሚገባው የድምፅ መጠን) ከልክ አልፏል። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በየትኛውም ፕሮግራም ወደ ነበረበት አይመለስም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ። ባትሪው ቢያንስ ሚክሱ እስኪያልቅ የሚቆይ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።
- «ላይን» መግቢያ (ከሚክሰር የሚወጣን ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ትንሽ ዕቃ። ቀይና ነጭ የአርሲኤ ቀዳዳ ያለው ቀላሉ ይበቃል፤ ለምሳሌ ቤሪንገር ዩሲኤ222። ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ወይም መሰሉን ካገኛችሁ የተሻለ ነው፤ ግን ግዴታ አይደለም። ኮንትሮለር (በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝ የዲጄ ዕቃ) ያላችሁ፣ ደረጃ 1 ላይ ካለው የማይክ ጉዳይ በቀር ይህን አትግዙ።
- ሳውንድ ካርዱ ላይ የሚገጥም ኬብል፣ 1.5 ወይም 2 ሜትር። መርካቶ ስትገዙ ጫፉን ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩት። እጃችሁ ላይ የሚላላ ከሆነ ተዉት።
- ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ።
- ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም። ነፃ ነው።
- ሃርድ ዲስክ ላይ ባዶ ቦታ። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ በ24 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ ወደ 950 ሜጋባይት ይይዛል። ኦዳሲቲ ደግሞ ሥራው ላይ እያለ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ሚክስ 5 ጊጋባይት አስቀምጡ።
- ሁሉንም ዕቃ የሚሸከም አንድ ኤክስቴንሽን።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ ዕቃ የትኛው እንደሆነ ለዩ

በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝ ኮንትሮለር ካላችሁ ሥራችሁ ቀላል ነው። ዘፈኖቹ የሚቀላቀሉት እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ በኬብል ወጥቶ ተመልሶ መግባት አያስፈልገውም። ሰራቶ፣ ሪከርድቦክስ፣ ቨርቹዋል ዲጄ እና ትራክተር የራሳቸው የሪከርድ ቁልፍ አላቸው። እሱን ተጠቀሙ። ደረጃ 2ን ዝለሉትና ወደ 3 እለፉ።

ሁለት ነገር ግን አስታውሱ። አንደኛ፣ አንዳንድ ኮንትሮለር ላይ የማይኩ ድምፅ ፕሮግራሙን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ስፒከር ይሄዳል። በሚክሱ ላይ ስታወሩ ቆይታችሁ ቅጂው ላይ ድምፃችሁ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው። ማይኩን ከፈለጋችሁ እንደ ሚክሰር ቆጥራችሁ ከማስተር (ከዋናው) መውጫው በኬብል ቅዱ። ሁለተኛ፣ ከስትሪሚንግ አገልግሎት የሚመጣ ዘፈን ስትጭኑ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሪከርዱን ይዘጉታል። ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ መኖር አለበት።

ደረጃ 2፦ ኬብሉን ትክክለኛው መውጫና መግቢያ ላይ ሰኩ

የሚክሰራችሁን ጀርባ አዙሩት። «ሬክ አውት» የሚል ቀይና ነጭ መሰኪያ ካለ እሱ ለዚህ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ሚክሰሮች ላይ ሬክ አውት የማስተሩን ቁልፍ አይከተልም። ስፒከሩን ብትቀንሱ፣ ጭራሽ ብታጠፉትም የቅጂው ሌቭል አይለወጥም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆናችሁ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለምትቀዱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስፒከሩን ዘግታችሁ በማዳመጫ ትሠራላችሁ፤ ጎረቤት በር አይደበድብም።

ሬክ አውት ከሌለ ማስተር መውጫውን ለቅጂ ስጡት፣ ስፒከሩን ደግሞ «ቡዝ» በሚለው ሌላው የድምፅ መውጫ ላይ ሰኩት። እንደዚያ ካደረጋችሁ ስፒከሩን በቡዝ ቁልፍ ስታወጡና ስታወርዱ ቅጂው አይነካም። መቅዳት ከጀመራችሁ በኋላ ማስተሩን አትንኩት።

አሁን ወደ መግቢያው። ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለችው አንዷ ቀዳዳ ለማዳመጫና ለማይክ የተሠራች ናት። ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ከማይክ ድምፅ እጅግ ይበረታል። ማይክ መግቢያ ላይ ስትሰኩት መጀመሪያውኑ ሞልቶ ይፈሳል፤ ላፕቶፑ ላይ ሌቭሉን ብትቀንሱም የተሰነጠቀውን ነው የምትቀንሱት። በዚያ ላይ ይህ መግቢያ ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናል። ከደረሱኝ የተሰነጠቁ ቅጂዎች አብዛኞቹ እዚህ ነው የተበላሹት።

ስለዚህ ከሚክሰሩ ወደ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርዱ፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ። ነጩ ለግራ፣ ቀዩ ለቀኝ። ሳውንድ ካርዱ ላይ «ላይን» እና «ኢንስት» የሚል መምረጫ ካለ ላይን ላይ አድርጉት። ኢንስት ለጊታር ነው፤ የሚክሰር ድምፅ ይበዛበታል። ሮዝና አረንጓዴ ቀዳዳ ያላት ትንሿ የዩኤስቢ ዶንግል ሳውንድ ካርድ ብትባልም ሮዟ የማይክ መግቢያ ናት። አትሸወዱ።

ቤት ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ጀርባውን እዩት። ሰማያዊ ቀዳዳ ካለው እሱ የላይን መግቢያ ነው። በአንድ ኬብል፣ ያለ ምንም ሳውንድ ካርድ፣ ደህና ቅጂ ይወጣዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደውን መስመር ፈጽሞ ወደ ላፕቶፕ ወይም ወደ ሳውንድ ካርድ አትሰኩ። ያቃጥለዋል። ኬብል ስትሰኩና ስትነቅሉም መጀመሪያ ስፒከሩን ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ መብራቱን አስተካክሉ

ዘፈኑ ሲቆም ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ችግሩ ከመብራቱ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ይህ ድምፅ የሚሰማው 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ነው፤ ማለትም ልክ ቤዙ የሚቀመጥበት ቦታ። በኋላ ላጥፋው ብትሉ ቤዙንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ነው የሚጠፋው።

መፈለጊያው ይህ ነው። ምንም ሳታጫውቱ ማዳመጫ አድርጉና የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው፤ በባትሪ ቅዱ። ካልጠፋ ሁሉንም ዕቃ ነቅላችሁ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰብስቡ፤ ሚክሰሩ አንድ ግድግዳ ላይ፣ ስፒከሩ ሌላ ግድግዳ ላይ ሲሆን በሁለቱ ኧርዝ (የመሬት መስመር) መካከል የሚዞረው ኤሌክትሪክ ነው እምም የሚለው። አሁንም ካልጠፋ በሚክሰሩና በሳውንድ ካርዱ መካከል የሚገባ የግራውንድ ሉፕ ማጥፊያ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ለመኪና ቴፕ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ኧርዙን ቁረጠው፣ ይጠፋል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አዎ፣ ድምፁ ይጠፋ ይሆናል። ዕቃው ውስጥ ብልሽት ሲፈጠር ግን ኤሌክትሪኩ መሄጃ አጥቶ በእናንተ በኩል ያልፋል። አትቁረጡ።

ከተማው ዳር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ዙሪያችን ገና ግንባታ ላይ ነው። ጎረቤት ብየዳ ሲጀምር መስመሩ ላይ «ጭርርር» የሚል ነገር ይገባል። እቤት ውስጥ የእንጀራ ምጣድ ሲበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ቅጂው ላይ «ጠቅ» ይላል። ምጣዱ ከሚሰካበት መስመር ራቁ፣ ከተቻለ እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ለሌላ ሥራ ተዉት። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያለው ሚክሰሩን በእሱ በኩል ያስነሳ። በጀነሬተር የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን በባትሪ አድርጉት።

መብራት ሲጠፋስ? ሚክሰር ካላችሁ ሚክሱ እዚያው ላይ አለቀ፤ ዩፒኤስ ብቻ ነው የሚያድነው። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚነሳ ኮንትሮለር ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ስፒከሩ ዝም ይላል እንጂ ኮንትሮለሩና ቅጂው ይቀጥላሉ። ማዳመጫችሁ ጆሯችሁ ላይ ካለ ሳትደናገጡ ጨርሱት።

ስልካችሁንም አርቁ። ኔትወርክ ደከም ብሎ ወደ 2ጂ ሲወርድ ስልኩ በኃይል ይልካል፤ አጠገቡ ያለው ኬብል ላይ «ትር ትር ትር፣ ትርርር» የሚለው ያ ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ላፕቶፑን ለሥራው ብቻ አዘጋጁት

ድምፁ ሳይሰነጠቅ ነገር ግን ቁርጥ ቁርጥ ካለ፣ ሳውንድ ካርዱ ሳይሆን ላፕቶፑ ነው የደከመው። ዋይፋይ አጥፉ፣ ክሮምን ዝጉ፣ የዊንዶውስ አፕዴትና የአንቲቫይረስ ፍተሻ እየሠራ እንዳልሆነ እዩ። የኃይል ቅንብሩን ከፍተኛው ላይ አድርጉት፤ በባትሪ ሲሆን ዊንዶውስ ራሱን ያዘገያል። ሳውንድ ካርዱን ሃብ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ከዚያ የዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የሳውንድ ካርዱን መግቢያ ምረጡና «ኢንሃንስመንት» የሚባለውን በሙሉ አጥፉ። ይህ ለስብሰባና ለስልክ ንግግር የተሠራ ነው። ሙዚቃ ሲገባበት ጫጫታ መስሎት ሊቀንሰው ይሞክራል፤ ድምፁ ራሱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ኦዳሲቲን አስተካክሉ

የድምፅ ሲስተሙን ዊንዶውስ ዋሳፒ፣ የመቅጃ ዕቃውን የእናንተ ሳውንድ ካርድ፣ ቻናሉን 2 ስቴሪዮ አድርጉ። ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን የናሙና ብዛት) 44100 ላይ ተዉት። ዘፈኖቻችሁ አብዛኞቹ በዚያው ስለተሠሩ መለወጥ ትርፍ የለውም። ሚክሱን ከቪዲዮ ጋር የምታወጡ ከሆነ ብቻ 48000።

ቀላሎቹ ሳውንድ ካርዶች 16 ቢት ብቻ ናቸው። አትጨነቁ፣ ሲዲም 16 ቢት ነው። 24 ቢት ካላችሁ ጥቅሙ ሌቭሉን ዝቅ አድርጋችሁ በነፃነት መቅዳታችሁ ነው።

«ሶፍትዌር ፕሌይስሩ» የሚለው ከበራ አጥፉት። ካለበለዚያ ድምፁን ዘግይቶ መልሶ ይልክላችሁና እንደ ማሚቶ ትሰሙታላችሁ።

ደረጃ 6፦ ዘፈኖቹን ራሳቸውን ፈትሹ

ይህን ማንም አይጠይቀኝም፤ ግን ብዙ ችግር እዚህም አለ። ከዩቲዩብ በመቀየሪያ የወረደ፣ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቻናል የተንከራተተ፣ ከሰው ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ዘፈን ስሙ ላይ 320 (ኪሎቢት በሰከንድ፣ የጥራት መለኪያ) ቢልም ውስጡ 128 ሊሆን ይችላል። 128 የነበረን ፋይል ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ያሳድገዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ኦዳሲቲ ውስጥ ክፈቱትና እይታውን ወደ ስፔክትሮግራም (ቀጭንና ወፍራም ድምፆችን በሥዕል ወደሚያሳየው) ለውጡት። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ቦታ ቀጥ ባለ መስመር ተቆርጦ ባዶ ከሆነ ፋይሉ ደካማ ነው። ጸናጽሉና የከበሮው ጠርዝ የደበዘዘ የሚመስለው ለዚያ ነው። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ላይ ግን ይህን አትፍረዱበት። ከላይ ያለው ድሮም አልነበረም።

የድሮ ዘፈን ከአዲስ ዘፈን በብዙ ዝቅ ይላል። ፕሮግራማችሁ ውስጥ አውቶ ጌይን (የዘፈኖቹን ድምፅ ራሱ የሚያመጣጥን) ካለ አብሩት፤ ከሌለ ለእያንዳንዱ ዘፈን በጌይን ቁልፍ አመጣጥኑ። አንድ ቀስ ያለ ትዝታ ከፈጣን ዘፈን ጋር ለማስማማት ቴምፖውን በብዙ ስትጎትቱም ኪይ ሎኩ (ፍጥነቱ ሲለወጥ ቃናው እንዳይለወጥ የሚይዘው) ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። በጆሯችሁ ስሙት፤ ከተንቀጠቀጠ ሌላ ዘፈን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ ሌቭሉን አስተካክሉ

እዚህ አትቸኩሉ። ሌቭል ከሚክሰሩ እስከ ላፕቶፑ ሦስት ቦታ ላይ ይለካል፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሀ. የቻናሉ ጌይን። ኢኪውውን (የቤዝና የቀጭን ድምፅ ቁልፎቹን) መሀል ላይ አድርጉ፣ ፌደሩን (ተንሸራታቹን የድምፅ ቁልፍ) ሙሉ ክፈቱ፣ የዘፈኑን ትልቁን ቦታ አጫውቱ። የቻናሉ መብራት 0 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ይጫወት፤ ቀዩ በፍጹም አይብራ። ሰርግ ላይ ቀዩ ላይ መጫወት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይቸገራል። ቤዝ የሚያንስ ከመሰላችሁ ቤዙን ከመጨመር ሌሎቹን ቀንሱ።

ለ. ማስተሩ። ሁለት ዘፈን አንድ ላይ ስታጫውቱ ድምፁ ይደመራል። ስለዚህ ማስተሩን በአንድ ዘፈን ሳይሆን በሁለት ዘፈን ለኩት። በጣም ከባድ ቤዝ ያላቸውን ሁለት ዘፈኖች አብራችሁ አጫውቱ። ቀይ ካበራ ቻናሎቹን ቀንሱ። በሽግግር ጊዜም የአንዱን ቤዝ ዝጉት፤ ሁለት ቤዝ ሲጋጭ ሌቭሉን ሁሉ ይበላዋል።

ሐ. ኦዳሲቲ። ሳትቀዱ መለኪያውን አብሩትና ያንኑ ከባድ ቦታ አጫውቱ። ከፍተኛው ጫፍ ከ-6 ዲቢ እንዳያልፍ የሳውንድ ካርዱን ጌይን አስተካክሉ። ሳውንድ ካርዱ ቁልፍ ከሌለው ከሚክሰሩ ማስተር ቀንሱ፤ በሬክ አውት የምትቀዱ ከሆነ ግን የቻናሎቹን ጌይን ቀንሱ።

ለምን -6? ዲጂታል ላይ ከ0 ዲቢ በላይ የሚባል ነገር የለም። ሚክሰሩ ትንሽ ብታሳልፉት ይታገሳል፤ ኮምፒውተር አይታገስም። 0 ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል። ማዕበሉን አጉልታችሁ ስታዩት ጫፉ እንደተከረከመ አጥር ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሚክስ ስትጀምሩ ደግሞ እጅ ይሞቃል፤ በሙከራው ከነበረው ሌቭል ማለፋችሁ አይቀርም። -6 ለዚያ የተተወ ቦታ ነው።

ደረጃ 8፦ ሁለት ደቂቃ ሞክሩ፣ ከዚያ ቅዱ

ሁለት ደቂቃ ቅዱና አቁሙ። በማዳመጫ ስሙት። ግራና ቀኝ ሁለቱም አሉ? ዝም ያለው ቦታ ዝም ብሏል? ቁርጥ ቁርጥ አይልም? ስክሪኑ ላይ ሁለቱ መስመሮች በትክክል አንድ ዓይነት ከሆኑ ሞኖ እየቀዳችሁ ሊሆን ይችላል።

ደህና ከሆነ ሪከርዱን ተጫኑና ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አሥር ሰከንድ ዝም በሉ። ያ ባዶ ቦታ በኋላ እምምታ ካለ ለማጣራት ይጠቅማል። ሚክሱ ሲያልቅም እንዲሁ። መሀል ላይ ስህተት ብትሠሩ አታቁሙ፤ ጨርሱት።

ውጭ ክረምቱ ቆርቆሮውን ቢደበድበው፣ ውሻ ቢጮህ፣ ቅጂው በኬብል ስለሆነ አይገባም። ማይክ ከፍታችሁ ከተዋችሁት ግን ሁሉም ይገባል። ስታወሩ ብቻ ክፈቱት።

ደረጃ 9፦ አስተካክላችሁ አውጡ

መጀመሪያ ሳትነኩት በዋቭ (ባልተጨመቀ ፎርማት) አውጥታችሁ አስቀምጡ። ይህ ዋናው ነው፤ የምትለውጡት ሁሉ በኮፒው ላይ ይሁን። የፍላሻችሁ ፎርማት ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል እንደማይቀበል አትርሱ።

ከዚያ ጫፍና ጫፉን ቁረጡ፣ «ኖርማላይዝ» የሚለውን በ-1 ዲቢ ተጠቀሙ። 0 ላይ አታድርሱት፤ ወደ ኤምፒ3 ሲለወጥ ጫፎቹ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ እንደገና ይሰነጠቃል። ሚክሱ ከሌሎች ያነሰ ከመሰላችሁ በሊሚተር (ጫፎቹ እንዳያልፉ በሚይዘው መሣሪያ) 2 ወይም 3 ዲቢ ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ስትጨምሩ ከበሮው ጉልበቱን ያጣል።

ኤምፒ3ውን በ320 አውጡ፤ አንድ ሰዓት ሚክስ ወደ 144 ሜጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ላኩት፤ ያኔ ጥራቱ አይነካም። በስልክ ከስፒከር ቀድታችሁ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ሙሉው ቅጂ ተሰንጥቋል፣ መለኪያው ግን -10 ላይ ነው፦ ድምፁ የተሰነጠቀው ኦዳሲቲ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ማይክ መግቢያ ላይ ሰክታችኋል፣ ወይም ሚክሰሩ ላይ ቀዩ እየበራ ነው።
- አንድ ጎን ብቻ ይሰማል፦ ሳውንድ ካርዱ ላይ የኬብሉን ቀይና ነጭ አቀያይሩ። ዝምታው ጎን ከለወጠ ኬብሉ ወይም ሚክሰሩ ነው፤ ካለወጠ ሳውንድ ካርዱ።
- ዘፋኙ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ ይሰማል፦ የስቴሪዮ ጃክ በማይሆን መቀየሪያ ወደ ሞኖ ተሰክቶ ግራና ቀኙ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው። መቀየሪያውን ጣሉት።
- የዊንዶውስ ማሳወቂያ ድምፅ ሚክሱ ውስጥ ገብቷል፦ የቀዳችሁት ከሳውንድ ካርዱ መግቢያ ሳይሆን ከላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ነው። ኦዳሲቲ ላይ የመቅጃ ዕቃውን እንደገና ምረጡ።
- ላፕቶፑ መሀል ላይ ጠፋ፦ ኦዳሲቲን መልሳችሁ ክፈቱት፤ ያልተቀመጠውን ሥራ ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። እሺ በሉት፣ ወዲያው ሴቭ አድርጉት።
- ድምፁ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ይሰማል፦ ዊንዶውስ ላይ ሳውንድ ካርዱ 48000፣ ኦዳሲቲ ላይ ደግሞ 44100 ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጉና ኦዳሲቲን ዘግታችሁ ክፈቱት።